ላፕቶፑ ትንሹ ይሁንልኝ

ይድረስ ለእታለም፣ ለታላቅ እህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ሰው ስታነሺ የሚይዝሽ ትከሻሽ ተሻለው ወይስ አሁንም በቅባት እያታለልሽው ነው? እንቅልፍ ትተኛለሽ? ምግብስ ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ቆመሽ ቀማምሰሽ ነው የምትሮጪው? የምታስታምሚያቸው አሮጊትስ እንዴት ናቸው? ዛሬም በእንቅልፍ ልባቸው የሞቱትን ባላቸውን እየጠሩ አንቺን ይቆጡሻል? በስልክ ስትመጪ ቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ስለሚያዳምጥሽ እኔ አንድ ቀን እንኳ በወጉ እንዴት ነሽ ብዬሽ አላውቅም። ስለዚህ ዛሬ በወረቀት ደግሜ ደጋግሜ እንዴት ነሽ እልሻለሁ።

እንደ ደንቡ ቢሆን እዚህ ላይ «እኛ ደህና ነን» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። አልጽፈውም። እማዬ ወገቧን ከማመሙ በቀር ደህና ናት። አባባ ይወጣል ይገባል። እኔ ግን ደህና አይደለሁም።

የጻፍኩልሽ በላፕቶፑ ምክንያት ነው። በቻርጀር ስልክ የሁለት ጌሚንግ ላፕቶፕ ፎቶ ልከሽ «ትልቁ ይሻልሃል ትንሹ? ምረጥ» ብለሻል። ቻርጀርን ስለማታውቂው፣ አንቺ ከሄድሽ በኋላ የጓሮዋን ክፍል የተከራየን ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። የሰው ቻርጀር ተውሶ ስለማይመልስ ሰፈሩ ነው ይህን ስም ያወጣለት። አንቺ ራስሽ ትልቁን እንደወደድሽው፣ ስክሪኑም ሰፊ እንደሆነ፣ ትንሹ ግን ዋጋው ተቆልሎ መጫወቻ እንደሚመስልሽ ተናግረሻል። እኔ ደግሞ የምፈልገው ትንሹን ነው። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት መጀመሪያ የተደበቀብሽን ነገር መናገር አለብኝ። ሳልነግርሽ ላስረዳሽ ሞክሬ ነበር፤ የጻፍኩት ሁሉ ውሸት ውሸት እየሸተተኝ ቀደድኩት።

ነገሩ ይኸውልሽ። እግሬ አልተሰበረም። ብየዳ ላይ ሳለሁ ከጣሪያው ብረት ስወድቅ የተሰበረው አከርካሪዬ ነው። ከወገቤ በታች ምንም አይሰማኝም፣ ምንም አይታዘዘኝም። ሽንቴ የሚወርደው በቱቦ ነው። ጄሶ የሚባል ነገር እግሬን ነክቶት አያውቅም። ሐኪሙ ለእማዬና ለአባባ የነገራቸው እኔ እዚያው ተኝቼ ሳለሁ ነው፣ አልጋ ላይ ያለ ሰው ጆሮ የሌለው ይመስል። «ከእንግዲህ በዊልቸር ነው፤ እሱንም ከበረታ» አላቸው። ይህን በአንድ ትንፋሽ የጻፍኩት ካቆምኩ ስለማልቀጥል ነው። አንቺም አልቅሺና ቀጥዪ፤ ስለ ላፕቶፑ ገና አልጀመርኩም።

የደበቁሽ ክፉ ሆነው አይደለም። «ሰው አገር ብቻዋን ናት፣ ሰምታ ምን ታደርጋለች፣ ትንሽ ቀን ይለፍና እንነግራታለን» ተባለ። ሐሳቡ የአባባ ነበር። ያ ትንሽ ቀን ሌላ ቀን እየወለደ ሄደ። መጀመሪያ እግሩን ትንሽ ተሰበረ ተባልሽ። ከዚያ ጄሶ ተደረገልኝ፣ ጄሶው ተፈታልኝ፣ በከዘራ መራመድ ጀመርኩ። በቅርቡ ደግሞ ደጅ ድረስ ወጥቼ ተመለስኩ ተብሎ በስልክ እልል ብለሻል። እልልታሽን ከአልጋዬ ሆኜ ሰማሁት። የወሬው እግሬ ከእኔ ቀድሞ ዳነ። ስልኬ አብሮኝ ወድቆ ስለተሰባበረ ላንቺ ለብቻሽ የምናገርበት መንገድ አልነበረኝም፤ ሌላ ስልክ ሳይገዛልኝ የቀረውም ተረስቶ አይመስለኝም።

ትዝ ይልሽ እንደሆነ እማዬ ከወራት በፊት ስለ ሥራሽ አብዝታ ትጠይቅሽ ጀምራ ነበር። አሮጊቷን እንዴት አድርገሽ ነው የምታገላብጫቸው? ጀርባቸው እንዳይቆስል ምን ታደርጊያለሽ? እሳቸው ተኝተው ሳለ አንሶላውን ከሥራቸው እንዴት ታወጪዋለሽ? አንቺ ስቀሽ «ምነው እማዬ፣ ሥራዬን ልትቀሚኝ ነው እንዴ?» አልሻት። እሷም ሳቀች። ትከሻና ዳሌ ይዘሽ ወደ ራስሽ እንደምትስቢ፣ በጉልበትና በጉልበት መካከል ትራስ እንደምታደርጊ፣ አንሶላውን በቁመቱ ጠቅልለሽ በጎን እንደምታሾልኪው አንድ በአንድ ነገርሻት። ስልኩ እንደተዘጋ እጅጌዋን ሰብስባ መጥታ በእኔ ላይ ሞከረችው። የመጀመሪያ ቀን ከግድግዳው ጋር አላተመችኝ፣ በኋላ ግን እጇ ገባ። ጀርባዬ እስከ ዛሬ ያልቆሰለው በዚያ ምክንያት ነው። ሳታውቂው ስታስታምሚኝ ከርመሻል ማለት ነው።

እስከዚያ ድረስ እኔም ዝም ብዬ አብሬ ስዋሽሽ ነበር። ዝም ማለት ያቃተኝ የጫማ ቁጥሬን የጠየቅሽ ቀን ነው። አፍንጫው ብረት የሆነ የሥራ ጫማ አይተሽ «ሲነሣ በዚህ ወደ ሥራው ይመለሳል» አልሽ። እማዬ ስልኩን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች። ቁጥሩ አይጠፋትም፣ ካልሲዬን የምታጠልቅልኝ እሷ ናት። ነገረችሽ። ስልኩን ዘግታ ወደ ጓዳ ገባችና ቶሎ አልወጣችም። እባክሽ ጫማውን አትግዢ፤ ገዝተሽውም ከሆነ እዚያው ለሚለብሰው ሰው ስጪው።

እሺ፣ አሁን ወደ ላፕቶፑ እንምጣ። ለምን እንዳስፈለገኝ መጀመሪያ ልንገርሽ። የብየዳ ቤታችን ባለቤት፣ ጭስ የምንለው፣ ሊጠይቀኝ መጥቶ ሥራ አለልህ አለኝ። ደንበኛ ዛሬ በወረቀት የተሣለ በር አይቶ አያዝዝም፤ በሩም ደረጃውም የበረንዳው ብረትም በኮምፒውተር ተሠርቶ፣ ዞር ዞር ብሎ ከፊትም ከኋላም ሲታይ ነው ልቡ የሚረጋው። አንተ ብረቱን ታውቀዋለህ፣ ሥዕሉን ተማርና ተኝተህም ቢሆን ሥራልኝ አለኝ። አሳዝኜው ይሁን እውነት ፈልጎኝ እስካሁን አላወቅሁም። አሳዝኜውም ከሆነ እቀበለዋለሁ፣ የምመርጥበት ጊዜ አይደለም። ቻርጀር እንደሚለው ያንን ሥዕል የሚሠራው ፕሮግራም ተራ ላፕቶፕ ላይ ይንቀራፈፋል። ደህና ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል፤ ደህና ግራፊክስ ካርድ ያለው ደግሞ የጌም ላፕቶፕ ነው። ለአባባ የተነገረው ምክንያት ይህ ነው። ላንቺ ግን ሌላውንም እነግርሻለሁ፦ ጌም መጫወት እፈልጋለሁ። ቀኑ አያልቅም እታለም። አልጋዬ ሳሎን ነው፣ ከመስኮቱ ሥር፤ በዚያ የማየው የጎረቤትን የቆርቆሮ አጥርና የአላፊ አግዳሚውን ጭንቅላት ነው። ሰውን ሁሉ በኮፍያውና በፀጉሩ መለየት ጀምሬያለሁ። ኮርኒሱንማ በቃሌ ይዤዋለሁ።

ቻርጀር አንድ ደንበኛ ለጥገና ሰጥቶት ተመልሶ ያልወሰደው ትልቅ ጌሚንግ ላፕቶፕ ነበረውና አዋሰኝ። አንቺ ከላክሽው ከትልቁ ጋር መንትያ ነው ማለት ይቻላል። ውስጡ ብዙ ጨዋታ ነበር፣ አብዛኛው ሩጫና ዝላይ ነው። እሱን አልነካሁትም። ከባድ መኪና መንዳት የሚባል አንድ ነበር፣ ያንን ያዝኩ። ሾፌር ቁጭ ብሎ ነው የሚሠራው።

አባባ ከወደቅሁ ወዲህ አልጋዬ አጠገብ ከሰላምታ በላይ አይቆምም ነበር። ጠዋት «አደርክ?» ይላል፣ ማታ «በል እደር» ይላል፣ በቃ። አንድ ቀን የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ገባ። ያው ዕድሜውን ሙሉ የነዳው ከባድ መኪና አይደል፣ ጆሮው ድምፁን ሊያልፈው አልቻለም። ቆሞ አየኝ። ቆይቶ ቆይቶ «ማርሽ ቀንስ እንጂ፣ ይህን ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን ረግጠህ ልትጨርሰው ነው?» አለኝ። ከወደቅሁ ጀምሮ ከአፉ የሰማሁት ረጅሙ ነገር ይህ ነበር። በማግስቱ ወንበር ይዞ መጣ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከምሳ በኋላ መንገድ እንወጣለን። እሱ መስተዋቱን ያያል፣ እኔ እነዳለሁ። «ከኋላህ አውቶቡስ አለ፣ አሳልፈው» ይለኛል። ነዳጅ ስንቀዳ ወርደህ የጭነቱን ገመድ አይተኸዋል ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። በጨዋታው ውስጥ ወርዶ ገመድ ማየት የሚባል ነገር የለም ስለው «ታዲያ ይህ ምን ዓይነት ሾፌር ነው» ብሎ የሠሩትን ሰዎች ይሰድባል። ቀይ መብራት የጣስኩ ቀን እስከ እራት ድረስ አኩርፎኛል። እማዬ ከጓዳ ሆና «ዛሬ የት ደረሳችሁ?» ትለናለች። እታለም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በዚህ አልጋ ላይ ሆኜ ደስ ብሎኝ ነበር ስልሽ ቃሉን በቀልድ የጻፍኩት እንዳይመስልሽ።

ላፕቶፑን የምናስቀምጠው ጭኔ ላይ ነበር። ሌላ የት ይቀመጣል? ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። አንድ ቀን ረጅም መንገድ ያዝን፣ ተራራ የበዛበት። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ያጓራል፣ አባባም «ሞተሩ ጋለ» እያለ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። እጄ ኪቦርዱ ላይ ሙቀት ተሰምቶት ነበር፣ ግን ለበያጅ እጅ ያ ምኑ ነው? ከኪቦርዱ ሥር ያለውን የሚነግረኝ አልነበረም። ድሮ እንዲህ ያለውን ነገር እግሬ ወዲያው ነበር የሚነግረኝ። ጭነቱን አድርሰን፣ ተመሰጋግነን ዘጋነው።

ሲመሻሽ እማዬ ልታጥበኝ መጣች። ፒጃማውን ስታወርደው ቆዳዬ አብሮ መጣ። በሁለቱም ጭኖቼ ላይ፣ በላፕቶፑ ልክ፣ ከታቹ ያለው የአየር ማስገቢያ ወንፊት ሳይቀር ታትሞብኝ። እኔ የእሷን ፊት አይቼ ነው ያወቅሁት። አልጮኸችም። ከቁስሉ አጠገብ በጣቷ ጫን አደረገችና ቀና ብላ አየችኝ፤ «ይሄ?» አለች። አይሰማኝም አልኳት። ትንሽ ወረድ ብላ ጫነች፤ «ይሄስ?» አለች። «አይሰማኝም እማዬ» አልኳት። እስከዚያ ቀን ድረስ ሐኪሙ ተሳስቷል፣ ልጄ ጊዜውን ጠብቆ ይነሣል ትል ነበር። ከዚያ ወዲህ ብላ አታውቅም።

አባባ በሩ ላይ ቆሞ አየ። ላፕቶፑን በሁለት እጁ ታቅፎ ወስዶ ለቻርጀር መለሰለት፣ ከዚያ ተመልሶ መጥቶ ወንበሩን ወደ ግቢ አወጣው። አሁን ውሎው እዚያ ነው፣ ከአጥሩ ሥር፣ ፊቱን ወደ መንገድ አድርጎ። ከጤና ጣቢያ የምትላከው ሲስተር ቁስሉን ልትጠርግልኝ ስትመጣ ከግቢ ይወጣል። የግራው ጭኔ ሊዘጋ ነው፣ የቀኙ ግን እንቢ አለ፤ ደም በደንብ አይደርሰውም ትላለች። መሐል ላይ አመርቅዞ ትኩሳት አመጣብኝና ሆስፒታል ተኝቼ ወጣሁ። ዘመድ ጥየቃ ሄዷል የተባልሽው ያን ጊዜ ነው። አባባን ጥፋቱ ያንተ ነው ያለው ሰው የለም። ያንተ አይደለም ያለውም የለም። እዚህ ቤት ውስጥ ማንም ስለ ምንም አያወራም፤ እኔም ብሆን ይኸው ላንቺ እጽፋለሁ እንጂ እሱን ጠርቼ አላናገርኩትም።

ከሆስፒታል ስመለስ እጄ ሥራ አጥቶ ስለነበር በወረቀት ላይ የአልጋ ጠረጴዛ ሣልኩ። በአልጋው ላይ ተሻግሮ የሚቆም፣ እግሮቹ ጎማ ያላቸው፣ ላዩ አየር እንዲያሳልፍ በድፍን ላሜራ ፈንታ በሽቦ ወንፊት የተሠራ፣ ከጭኔ በደንብ ከፍ ያለ። ወረቀቱን ለጭስ ላክሁለት። በሳምንቱ የሥራ ጓደኞቼ ተሸክመውት መጡ። ክፍሉን ሞሉት፣ ግን ዓይናቸውን የት እንደሚያሳርፉት ጨነቃቸው፤ አንዱ ኮርኒሱን ያያል፣ አንዱ መጋረጃውን። እኔ ብየዳውን አየሁ። ማዕዘኑ ላይ ላይ ላዩን ነው የተቀባው፣ ወደ ውስጥ አልዘለቀም። ይሄን ማነው የበየደው ብዬ ጠየቅኋቸው። «ከጣሪያ የወደቅሁት እኔ፣ እጃችሁ የሰነፈው እናንተ» አልኳቸው። መጀመሪያ ደነገጡ፣ ከዚያ ጭስ ሲስቅ ሁሉም ሳቁ፣ ወንበርም ፈልገው ተቀመጡ። ወስደው በግራይንደር ልጠው እንደገና በየዱት። አሁን ብትቀመጪበት አይነቃነቅም። ይህንንም የምጽፍልሽ እሱ ላይ ነው።

ስለዚህ አንቺም እማዬም ስለ ሙቀቱ አታስቡ፤ የትኛውም ላፕቶፕ ከእንግዲህ ሥጋዬን አይነካም። የቀረውን ከቻርጀር ጋር ተከራክረንበታል፣ እሱ ደግሞ ከአንቺ ወገን ነው። ትልቁ ሆዱ ሰፊ ስለሆነ አየር ያገኛል፣ ቶሎ አይግልም፣ ማራገቢያውም አይጨነቅም ይላል። ትንሹ ያንኑ ጉልበት በጠባብ ቦታ አጭቆ ስለያዘ ይግላል፣ ሲግል ይጮኻል፣ ሲብስበት ደግሞ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ኪቦርዱ የተጠጋጋ ነው፤ የእኔን ጣቶች ታውቂያቸዋለሽ፣ አንድ ፊደል ስነካ ሁለት ጎረቤት ቀስቅሼ ነው። በትልቁ ላይ ሚሞሪ በኋላ መጨመር ይቻላል፣ በትንሹ ግን እዚያው ቦርዱ ላይ ስለተበየደ አይነቀልም አለኝ። የተበየደ አይነቀልም ብለህ ለበያጅ ነው የምታወራው አልኩት። ባትሪውንም ጠየቅሁት፣ መብራት ሲሄድብን ምን ይውጠኛል ብዬ። ጨዋታ ላይ ሁለቱም ቶሎ ነው የሚያልቁት አለ፤ የትልቁ ቻርጀር ግን ጡብ ያህላል፣ የትንሹ የዚያን ግማሽ አይሆንም። ስለ ቻርጀር ሲያወራ ፊቱ ይበራል መቼም።

እንግዲህ ጉድለቱን ሁሉ አስቆጥሬ አሁንም ትንሹን የምለው ቀላል ስለሆነ ብቻ ነው። ይህ ላንቺ ምክንያት ላይመስልሽ ይችላል። ከወገቡ በታች የማይታዘዘው ሰው ቁጭ ሲል ጀርባውን የሚይዝለት ነገር የለም። አንድ እጄ ሁልጊዜ የአልጋውን ብረት መጨበጥ አለበት፣ አለዚያ እንደ ጎደለ ጆንያ ወደ ጎን እዘነበላለሁ። ዕቃ ለማንሣት የሚተርፈኝ አንድ እጅ ነው። ትልቁን በአንድ እጄ ሞክሬው እኔም እሱም ከአልጋ ልንወርድ ለጥቂት ተረፍን። ስለዚህ እሱ በነበረ ጊዜ ሰው አንሥቶ ይሰጠኛል፣ ሰው ይቀበለኛል። እማዬ ወጣ ባለች ቀን ከአልጋው አጠገብ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ፣ ክንዴ ደርሶት ጉልበቴ ሳይደርሰው፣ እሱና እኔ ስንተያይ ውለናል።

ትንሹ ምን ያህል እንደሚመዝን ቻርጀር አንቺ ከላክሽው ጽሑፍ ላይ አነበበና፣ በዚያ ልክ መጻሕፍት መዝኖ በገመድ አስሮ አመጣልኝ። በግራ እጄ ብረቱን ይዤ በቀኜ ከወንበሩ ላይ አነሣሁት። ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። መልሼ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። ደግሞ አነሣሁት። ቻርጀር በቃ ገባኝ ይለኛል፣ እኔ አልሰማውም፣ ላብ እያጠመቀኝ አነሣለሁ አስቀምጣለሁ። እታለም፣ እዚህ አልጋ ላይ ሁሉን ነገር የማገኘው ሰው ጠርቼ ነው። ውሃ ስፈልግ እጣራለሁ፣ መስኮት እንዲከፈትልኝ እጣራለሁ፣ ጎኔን ሲደክመኝ እጣራለሁ። እማዬ አልሰለቸችም፣ የሰለቸኝ እኔ ነኝ። አንድ ነገር እንኳ ማንንም ሳልጠራ አንሥቼ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ።

የሚከብደኝ ስክሪኑ ነው። የአባባ ዓይን ከድሮውም ደክሟል፤ በትንሹ ስክሪን ላይ መስተዋቱን አያይም፣ ከኋላ የሚመጣውን አይነግረኝም። ይህን ሳስብ ትልቁን ልበላት እያልኩ ስንት ጊዜ ተመልሻለሁ። ነገር ግን አባባ አይመጣም። ለማይመጣ ሰው ብዬ የማላነሣውን ዕቃ አላስገዛሽም።

አሁን ከአንቺ የምፈልገውን ልንገርሽ። ስትደውዪ እንዳላወቀ ሰው አትሁኚ። ለእማዬ ሁሉንም ሰምቻለሁ በያት፣ ግን ረጋ ብለሽ፤ አንቺ ከጮኽሽ እሷ ትወድቃለች። አባባን አትቆጪው። ሥራሽን ጥለሽ ልምጣ አትበይ፤ መጥተሽ የምታደርጊውን በስልክ አስተምረሻታል። እኔን ደግሞ አስጠሪኝና ቁስልህ እንዴት አደረ በዪኝ። መቼ ነው የምትነሣው አትበዪኝ። ያን ስትዪኝ ሁሉም እኔን ያያሉ፣ እኔም በቅርቡ እላለሁ፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ እበሳጫለሁ።

እማዬ መጻፌን ባታውቅም ሰላም ትልሻለች፤ ከድምፅሽ ከስተሻል ትላለች፣ ድምፅ እንዴት እንደሚከሳ እሷ ታውቃለች። ደብዳቤውን የምታደርስልሽ የቻርጀር እህት ናት፣ አንቺ ወዳለሽበት ለሥራ እየመጣች ነውና እንደ እህት ተቀበያት፤ ቻርጀርሽን ግን ደብቂ። ቻርጀርም ሰላም ብሎሻል፣ በትልቁ ሐሳብሽም እንድትጸኚ ለምኖሻል። ጭስና ልጆቹ ሰላም ይሉሻል፤ አንደኛው አግብታለች ወይ ብሎ ጠይቆኛል፣ የትኛው እንደሆነ አልነግርሽም። ሲስተሯ አታውቅሽም፣ ነገር ግን ጀርባዬን ያዳነው እህቴ ለእማዬ ያስተማረቻት ማገላበጥ ነው ስላት እጅሽ ይባረክ ብላለች። የምታስታምሚያቸውን አሮጊት በእኔ ስም ሳሚልኝ። አባባ

የአባባን ሰላምታ ልጽፍ ስጀምር ራሱ ገባ። መድኃኒቴን ከፋርማሲ አምጥቶ ነው። ወረቀቱን ሁሉ አልጋው ላይ ተበትኖ አየና እንዲህ የሚያጽፍህ ምንድነው አለኝ። ለእታለም ነው አልኩት። ምን ብለህ አለኝ። የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ከተወ ቆይቷል፣ ስለዚህ አነበብኩለት። ሐኪሙ ያለውን፣ የተደበቀብሽን፣ ቃጠሎውን፣ ወንበሩን ያወጣበትን፣ አባባ አይመጣም ያልኩትንም፣ አንድ ቃል ሳልዘል። መድኃኒቱን እንደያዘ ቆሞ ነው እስከ መጨረሻው የሰማኝ። ስጨርስ እኔን አየ፣ ጠረጴዛውን አየ፣ ብረቱን ነካ ነካ አደረገው።

«ትልቁን በላት» አለኝ። «እስክትነሣ ድረስ እኔ አነሣልሃለሁ።»

ሁሉንም ሰምቶ አሁንም «እስክትነሣ» ይለኛል። መድኃኒቱን አጠገቤ አስቀምጦ ወደ ግቢ ወጣ። እታለም፣ ትንሹን ግዢልኝ።

ወንድምሽ ስንጥር
ሳሎን፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው አልጋ
እሑድ ከሰዓት በኋላ